መምህሩ በመንገድ ሞተ

ባለፈው ሳምንት ማታ በመኝታ ቤታችን ሻይ ስንጠጣ አንዱ ጓደኛችን አንድ ቀልድ አመጣ። ቀልዱ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ባሜሪካ አገር አንድ ሰው ነበረ አሉ፤ በሞተር ብስክሌት ላይ ሳይሞቱ እንዴት መሄድ እንደሚቻል ሲያስተምርና ሲጽፍ ኖሮ፣ ስለ ሞተር ብስክሌት ደኅንነት ከተደረገ ጉባኤ ወደ ቤቱ ሲመለስ እዚያው ሞተሩ ላይ ሞተ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ መሳቄን አስቀድሜ መናገሬም ከዚህ በታች የምጽፈው ነቀፌታ በመጀመሪያ የሚነካው ራሴን መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው። ከሳቁ በኋላ አንዱ፣ «እንግዲህ የተጻፈ አይቀርም!» አለ፤ ሌላው፣ «ታዲያ ትምህርቱ ምን ረባው?» ሲል አከለበት፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋና ወደ ፈተናው ወሬ ተመለስን።

ለኔ ግን አልተዘጋም። አንደኛ ነገር የቀልዱ ሰው በእውነት የነበረ ሰው ነው፤ ስምና አገር፣ ሥራና ተማሪዎች ነበሩት። ሁለተኛ ነገር «የተጻፈ አይቀርም» የምትለዋን ቃል ከዚህ ቀደም የሰማኋት በሳቅ መካከል አልነበረም፤ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበር። ወደዚህኛው በኋላ እመለሳለሁ፤ አሁን ስለ ሰውየው ልናገር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ያገራችን ናቸው ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ሎሬንስ ግሮድስኪ ይባላል፤ ወዳጆቹ ላሪ ይሉት ነበር። የተወለደው በ1951 ነው፤ ይኖር የነበረውም በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በብረት ሥራዋ በታወቀችው በፒትስበርግ ከተማ ነው። «ራይደር» በሚባለው ያሜሪካ የሞተር ብስክሌት መጽሔት ላይ ከ1988 ጀምሮ ስለ ጥንቃቄ ቋሚ ዐምድ ይጽፍ ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ስላንድ ነገር ሳይሰለቹ መጻፍ ቀላል አይደለም፤ እኛ በዚህች መጽሔት ለሦስት ተከታታይ እትም ቃሉን የሚጠብቅ ጸሐፊ ስናጣ እናውቀዋለን። ከጽሕፈቱም ሌላ ትምህርት ቤት ነበረው። ትምህርት ቤት ስል ግድግዳና ጥቁር ሰሌዳ ያለው አይምሰላችሁ። የሞተር ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መኪና በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ፣ በተደረደሩ ምልክቶች መካከል በዝግታ በመዞር ነው። ግሮድስኪ ግን ተማሪዎቹን ይዞ ወደ እውነተኛው አውራ ጎዳና ይወጣ ነበር። እነሱ በየሞተራቸው ሲሄዱ እሱ ደግሞ በራሱ ሞተር ላይ ሆኖ በሬዲዮ ድምፁን በጆሯቸው ያሰማቸዋል፤ ከፊታቸው ያለው መታጠፊያ ምን ሊደብቅ እንደሚችል፣ ዳር የቆመው መኪና ወዴት ሊንቀሳቀስ እንደሚችል፣ ዐይናቸው የት ማረፍ እንደሚገባው እዚያው በደረሱበት ቅጽበት ይነግራቸዋል። ሞተር የሚነዳው ከእጅና ከእግር ይልቅ በዐይንና በአሳብ ነው፤ የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር።

በ2006 በማርች ወር በካሊፎርንያ ሎንግ ቢች በተባለው ከተማ ስለ ሞተር ብስክሌት ደኅንነት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ግሮድስኪ ከካሊፎርንያ አገር አቋርጦ በሞተሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ኤፕሪል 8 ቀን በምዕራብ ቴክሳስ ፎርት ስቶክተን ከምትባለው ከተማ አቅራቢያ በጨለማ አንድ አጋዘን መንገዱ ውስጥ ገባበት፤ ተጋጩ፤ ሞተ። ዕድሜው ገና በሃምሳዎቹ ውስጥ ነበር።

አጋዘን ሲባል አንዳንዶቻችን የሥዕል መጽሐፍ እንስሳ ይመስለናል። ነገሩን በቁጥር እንየው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዐይኑ አደጋውን አይቶ እጁ ፍሬኑን እስኪጨብጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ገና ፍሬን ሳይዝ 42 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ከዚያም በደረቅ አስፋልት ላይ፣ እጅግ ሠልጥኖ በትክክል ፍሬን የያዘ ሰው እንኳ ለመቆም ወደ 50 ሜትር ያስፈልገዋል። ድምሩ ከ90 ሜትር በላይ ነው። አጭሩ የሞተር መብራት ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አያሳይም፤ ረዥሙም ቢበራ እንስሳው የሚመጣው ከፊት ለፊት አይደለም፤ ብርሃኑ ከማይደርስበት ከጎን ዘሎ ነው። ያገራችንን መንገድ በሌሊት የሄደ ሰው ስለ አህያና ስለ ጅብ ይህንኑ ያውቃል። እንግዲህ በዚህ ላይ የሚረዳ ብልሃት ፍጥነትን መቀነስ፣ አለዚያም ጭራሹን በሌሊት አለመሄድ ነው፤ እሱም ቢሆን ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ቀልዱን የሚወዱ ሰዎች የማይጨምሩት አንድ ነገር አለ። ግሮድስኪ ይህን ያውቅ ነበር። ከመሞቱ በፊት፣ እኔን የሚገድለኝ ቢኖር አጋዘን ነው ብሎ ለቅርብ ሰው መናገሩ በጊዜው በጋዜጣ ተጽፏል። ግድ የለሽ መኪና ነጂዎችን እችላቸዋለሁ፣ በሌሊት ከፊት ዘሎ የሚገባውን እንስሳ ግን አልችለውም ማለቱ ነበር። ይህን ያለ ሰው ትምህርቱ ከሸፈ ሊባል ይገባልን? በኔ አስተያየት ትምህርቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚያቆም ለክቶ የሚያውቅ መምህር ነበር። እኛ በዚህ ቅጥር ግቢ ስንት ሊቃውንት አሉን፤ የዕውቀታቸውን ወሰን እንዲህ በጣታቸው የሚያሳዩን ግን ስንቶቹ ናቸው?

ስለዚህ «ትምህርቱ ምን ረባው?» ላለው ጓደኛዬ ጥያቄውን ገልብጬ እመልስለታለሁ። ሰውየው በዚያች ሌሊት ለምን ሞተ ከማለት በፊት እስከዚያች ሌሊት ድረስ እንዴት ኖረ? ለዚህ መልስ የሚሆን ትልቅ ጥናት አለ። በደቡብ ካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሃሪ ኸርት ከረዳቶቻቸው ጋር ሆነው በሎስ አንጀለስ 900 ያህል የሞተር ብስክሌት አደጋዎች በደረሱባቸው ሥፍራዎች ድረስ እየሄዱ መረመሩ፤ 3600 የፖሊስ መዝገብም አገላበጡ፤ ውጤቱን በ1981 አወጡ። ካገኙት ሁሉ ጥቂቱን ልጥቀስ። ከአራቱ አደጋ ሦስቱ ያህል ሞተሩ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጭቶ የደረሰ ነው። ከነዚህም ከሦስቱ በሁለቱ ጥፋተኛው የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ ነው፤ ሞተረኛው ቅድሚያ ያለው ሆኖ ሳለ ይገባበታል፤ በተለይም ወደ ግራ ሲታጠፍ። «አላየሁትም» ይላል። በአደጋው ከነበሩት ሞተረኞች 92 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ሥርዓት ያለው ትምህርት ያላገኙ፣ ከወንድም ወይም ከጓደኛ አይተው የለመዱ ናቸው። እንስሳ ያለበት አደጋ ግን ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው። (እርግጥ ሎስ አንጀለስ ከተማ ነው፤ የቴክሳስ ገጠር አይደለም።) ግሮድስኪ በየቀኑ በነዚያ ወደ ግራ በሚታጠፉት መኪናዎች ፊት ለፊት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፏል። ያለፈበትን ማንም አልቈጠረለትም። ሳይሞቱ የቀሩበት ቀን በጋዜጣ አይወጣም፤ ወሬ የሚሆነው አንዷ ቀን ናት።

አሁን ወደ ሌላ ሎሬንስ ልሻገር፤ የስሙ መገጣጠም ግን በአጋጣሚ ነው። የዐረቡ ሎሬንስ የሚባለውን እንግሊዛዊ በታሪክ ክፍላችን የማያውቅ የለም፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከዐረቦች ጋር በቱርክ ላይ የዘመተው ነው። ይህ ሰው የሞተር ብስክሌት ፍቅር ነበረበት፤ «ብራፍ ሱፒሪየር» የተባለውን ፈጣን ሞተር እየለዋወጠ ይነዳ ነበር። ሜይ 13 ቀን 1935 በዶርሴት ክፍል በመኖሪያው አጠገብ ሲሄድ፣ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆች ድንገት ከፊቱ ተገኙ፤ እነሱን አድናለሁ ሲል ከሞተሩ ላይ ተወርውሮ ወደቀ። በራሱ ላይ ምንም አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የራስ ቁር (ዛሬ ሄልሜት የምንለውን) ከእሽቅድድም ሜዳ ውጭ የሚያደርግ ሰው አይገኝም ነበርና። ስድስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ በ46 ዓመቱ ሞተ።

ዓለም ስለ ሎሬንስ ሞት ብዙ ተረት ፈጠረ፤ ተገደለ ያሉም አሉ። ሊያድኑት ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ግን ተረት አላወራም። ይህ ሰው አውስትራሊያዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ነው። ኬርንስ ያንን ሞት አይቶ «ቀኑ ነው» ብሎ ቢሄድ ኖሮ የሚወቅሰው አልነበረም። እሱ ግን መቊጠር ጀመረ። በ1941 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት 21 ወሮች 1884 ሞተረኞችና ተፈናጣጮች በመንገድ እንደ ሞቱ፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወሮች ደግሞ ቁጥሩ ወደ 2279 እንደ ወጣ አሳየ። መኪና በቀነሰበት በጦርነቱ ጊዜ መጨመሩ ነው የሚያስገርመው፤ መንገዱ በሌሊት የሚጨልምበት፣ ወታደር ሁሉ መልእክት ይዞ በሞተር የሚሮጥበት ጊዜ ነበርና። የሚገድላቸውም ከሁሉ አብልጦ የራስ ጉዳት ነው። የራስ ቁር አድርገው የወደቁ ሰባት ሰዎች ብቻ አገኘ፤ ሰባቱም ድነዋል። ሰባት ሰው ምን ያህል ማስረጃ ነው? ጥቂት ነው። ኬርንስም ጥቂት መሆኑን ያውቃል። ነገር ግን የእንግሊዝ ጦር በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር መልእክተኛ ሞተረኞቹ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ፤ ኬርንስም መቊጠሩን ሳያቋርጥ በ1946 የሟቾቹ ቁጥር እንደ ቀነሰ የሚያሳይ ሌላ ጽሑፍ አወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለኛ ለትዕግሥተ ቢሶቹ የሚጠቅም ነው። ሐኪሙ በ1952 ሞተ። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት በ1961 የራስ ቁርን በሕግ ግዴታ አደረገች፤ ከማንም ቀድማ ነው። እንግሊዝ ራሷ ግን ሁሉም ሞተረኛ ቁር እንዲያደርግ ያስገደደችው በ1973 ነው፤ ከጽሑፉ 32 ዓመት፣ ከሞቱ 21 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እሱ በዐይኑ አላየውም። ቢያየው ምን ይል ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ፤ ምናልባት የሚል ነገር አይኖረውም፤ ይቈጥር ነበር።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልመለስ።

ከሁለት ዓመት በፊት በክረምቱ ዕረፍት በሰፈራችን የጎረቤታችን ልጅ ሞተ። በሞተር ዕቃ እያደረሰ ይተዳደር የነበረ፣ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነበር። አንድ የቤት መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ገባበት። ፕሮፌሰር ኸርት በሎስ አንጀለስ የመዘገቡት ዓይነት አደጋ በኛ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ደረሰ ማለት ነው። የራስ ቁር ነበረው፤ ያደረገው ግን በክንዱ ላይ ነው፤ እንደ ዘንቢል አንጠልጥሎት ነበር። ሙቀት ነው፣ መንገዱም ቅርብ ነው ብሎ ይሆናል። ለእናቱ ከጫማውና ከስልኩ ጋር አብረው ቁሩን መለሱላቸው። አንዳች ጭረት የለበትም። እናቱ እሱን ታቅፈው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ መጻፍ አልፈልግም።

በሦስተኛው ቀን በድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ «ምን ይደረጋል ልጄ፤ የተጻፈ አይቀርም» አሉኝ። እኔም፣ «አባባ፣ ቁሩን በራሱ ላይ አድርጎት ቢሆንስ?» አልኋቸው። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተው ልጄ፤ እናቱ ይሰማሉ» አሉኝ። ዝም አልሁ።

እኚያ አዛውንት ልክ ነበሩ። ይህን በደንብ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ተማሪዎች የሽማግሌዎችን ቃል ሁሉ ኋላ ቀርነት ብለን ማለፍ እንወዳለን። «ቀኑ ነው» የሚለው ቃል በድንኳን ውስጥ መድኃኒት ነው። እናት «ባደርግለት ኖሮ፣ ባልከው ኖሮ» እያለች ራሷን እንዳትበላ የሚጋርዳት ነው። ጥፋቱ ቃሉ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ መንገድ ሲሄድ ነው። በአርባው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ ቃሉም አብሮ መነሣት ነበረበት፤ አልተነሣም። የሟቹ ባልንጀሮች በማግሥቱ በዚያው መታጠፊያ ቁራቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ሲያልፉ አይቻለሁ። ለእናት የተነገረው ማጽናኛ ለነሱ ፈቃድ ሆኗቸዋል። እኔም ለአዛውንቱ ዝም ማለቴ ተገቢ ነበር፤ ለባልንጀሮቹ ዝም ማለቴ ግን እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

ከግሮድስኪ ቀልድ ጋር የሚነገር ሁለተኛ ቀልድ አለ። በጁላይ 2011 በኒው ዮርክ ግዛት ሞተረኞች የራስ ቁር ያስገድዳል የተባለውን ሕግ በመቃወም ቁር ሳያደርጉ በሰልፍ ወጡ። ከነሱ አንዱ የ55 ዓመት ሰው ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ከድቶት በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ራሱን መታና ሞተ፤ ቁር ቢያደርግ ኖሮ ይድን ነበር ሲል ፖሊስ የሐኪሙን አስተያየት ጠቅሶ ተናገረ። በዚህም ዓለም ሳቀ። እኔ የማስተውለው ሳቂዎቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ነው። ባንዱ ላይ «ተጠንቅቆም አልቀረለት» ብለው ይስቃሉ፤ በሌላው ላይ «ሳይጠነቀቅ አገኘው» ብለው ይስቃሉ። ከሁለቱ ሞት የሚማሩት ግን የለም፤ ቀልድ ነገሩን ዘግቶ የሚያስቀምጥ ሣጥን ነውና። የተቃውሞው ሰልፈኛ ስለ ነፃነት የሚያምንበት ነገር ነበረው፤ አሳቡን አልደግፍም፤ በሬሳው ላይ ግን አልስቅም።

«እሺ፣ ስለ ቁሩ ገባን፤ አጋዘኑስ? አጋዘኑ ቀን አይደለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ብዙ ያሳሰበኝም እሱ ነው። በካናዳ ባንፍ የሚባል የዱር አራዊት ፓርክ አለ፤ በመካከሉ አውራ ጎዳና ያልፋል። መንገዱን ግራና ቀኝ በአጥር አጠሩት፤ እንስሳቱ እንዲሻገሩም በላዩ ላይ ሣርና ዛፍ የተተከለባቸው ድልድዮች፣ ከሥሩም መተላለፊያዎች ሠሩ። ከእንስሳት ጋር የሚደርሰው ግጭት ከመቶ 80 በላይ ቀነሰ። እንግዲህ አጋዘኑ ለግሮድስኪ ብቻውን ለነበረበት ሌሊት ዕጣው ነበረ እንበል፤ መንገዱን ለሚሠራው መሐንዲስና ገንዘቡን ለሚመድበው ምክር ቤት ግን ዕጣ አይደለም፤ ሥራ ነው። የስዊድን ፓርላማ በ1997 ባጸደቀው የመንገድ ደኅንነት መርሕ የያዘው አሳብም ይኸው ነው፤ ሰው ምን ጊዜም ይሳሳታል፤ ስለዚህ የስሕተቱ ዋጋ ሞት እንዳይሆን መንገዱና ተሽከርካሪው መሠራት አለባቸው ይላል። ቀን የምንለው ነገር ወሰኑ የቆመ አይደለም፤ ሰዎች በሠሩበት አገር ይጠብባል፣ ባልሠሩበት አገር ይሰፋል።

በኛ አገር እንዴት ነው? በአዲስ አበባ በመንገድ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ስለ ሞተር መጻፌ እነሱን ረስቼ አይደለም። ነገር ግን ሞተር በያመቱ እየበዛ ነው፤ በተለይ በክፍለ ሀገር ከተሞች። ከደቡብ የመጣችሁ ጓደኞቻችን ባንድ ሞተር ላይ ነጂው፣ ሁለት ተሳፋሪና አንድ ፍየል ሲሄድ አይታችኋል። ባገራችን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር የሞተር ብስክሌትን እንቅስቃሴ ሲያግድ የሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸመው ዝርፊያ ነበር፤ ኋላም ተመዝግበውና ተደራጅተው የሚሠሩ ተፈቀደላቸው። ዝርፊያው እውነት ነበር፤ አልክድም። ሆኖም ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ስለ ሞተር ሲነጋገር የተወራው ስለ ተነጠቀው ቦርሳና ስልክ ነበር እንጂ ስለ ተሰበረው የራስ ቅል አልነበረም።

በዓለም ላይ በያመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ ገልጿል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከሚገድሉ ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ነው። እስከ 29 ዓመት ማለት እኛ ነን፤ በዚህ ግቢ ያለው ሁሉ፣ ምናልባት ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ጥቂቶቹ ሲቀሩ። የብዙ አገር ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩም የራስ ቁር የሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተገኝቷል። ቁር አስማት አይደለም። ውስጡ ያለው ጠንካራ ስፖንጅ በምቱ ጊዜ እየተጨፈለቀ ለአንጎሉ ጥቂት ጊዜ ይገዛለታል፤ ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተመታ ቁር ደኅና ቢመስልም ከዚያ በኋላ አይረባም፤ ማሰሪያው በአገጭ ሥር ያልታሰረ ቁርም ከራሱ በፊት መሬት ይደርሳል። ለግንብ ሠራተኛ የተሠራውን የፕላስቲክ ቆብ ደፍቶ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ፤ ያ ለትራፊክ ፖሊስ ዐይን የተደረገ ቁር ነው።

ድህነት ነው የሚለውን መልስ አልንቀውም፤ ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ ምሳውን ሲቀንስ ነው ቁር የሚገዛው። ግን የጎረቤታችን ልጅ ቁር ነበረው። ደግሞም እኛ፣ ስለ ዓለም ሰላምና ስለ አፍሪካ አንድነት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት የምንከራከረው ተማሪዎች፣ ለበዓል ወዳገራችን ስንገባ ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ቤታችን ድረስ ከአንድ ከማናውቀው ሞተረኛ ኋላ ባዶ ራሳችንን እንፈናጠጣለን። «ለኔስ ቁር የለህም ወይ?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ካለ እጁን ያንሣ። እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የሚያፍር ሰው ይመስለናል፤ ፈሪ እንዳንባል ነው።

የግሮድስኪ ትምህርት ቤት ከሱ ሞት በኋላ አልተዘጋም፤ አብረውት ያስተምሩ የነበሩ ሰዎች ሬዲዮውን ይዘው ቀጠሉ። ቀልዱን የሚያወሩ ሰዎች ይህንንም አይጨምሩም።

ስለዚህ አንድ ትንሽ አሳብ ለተማሪዎች ማኅበር በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ማኅበሩ ከሻይ ቤቱ ገቢ ላይ ዐሥር ደኅና ቁር ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጥ፤ ለዕረፍት ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ተማሪ በመታወቂያው እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ ይሂድ፤ ሲመለስ ይመልስ። የወደቀበት ካለ ግን ቁሩን እንዳይመልስ፤ ማኅበሩም እንዳያስከፍለው። ዐሥር ቁር ለዚህ ሁሉ ተማሪ አይበቃም የሚለውን ትችት ከወዲሁ ሰምቻለሁ፤ ኬርንስ በሰባት ሰው ነው የጀመረው። አሳቡን የምትደግፉ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስማችሁን ጻፉ። እስከ ትናንት ማታ ድረስ 23 ሰው ፈርሟል፤ ከኔ ቀጥሎ የፈረመው ያንን ቀልድ ያመጣው ጓደኛችን ነው።